ከእሽግ ጠባቂነት ልሰናበት

ለንብረት ማጣሪያ ኮሚቴ ጽ/ቤት ኃላፊ
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የታመመች እህቴን ለመጠየቅ ተረካቢ እንዲተካልኝ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች የሴቻ ነዋሪ ስሆን፣ በሒሳብ ሠራተኝነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሬዲዮ መፍታትና መግጠም እወዳለሁ። ባለቤቴ ወ/ሮ ጣይቱ «የሰው ባል ካርታ ይጫወታል፣ የኔው ሽቦ ይጫወታል» ትላለች።

1. ባለፈው ነሐሴ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ ከቤተ ሙከራው ያወጣቸውን ትርፍ ዕቃዎች በጨረታ ሲሸጥ፣ የኤሌክትሪክን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ በርካሽ ገዛሁ። ደረሰኝ አለኝ። በባጃጅ ታቅፌው ስመለስ ደስታዬ ልጅ የወለድኩ ያህል ነበር።

2. በመስከረም የጽ/ቤታችሁ ባልደረቦች ቤቴ መጥተው፣ የገዛሁት ለንግድ ነው ወይስ ለተቋም ብለው ጠየቁኝ። ለደስታዬ ነው አልኩ። መልሴ ከሁለቱም ስላልሆነ፣ ባለሙያ መጥቶ እስኪያጣራ ዕቃው ያለበት ክፍል በማኅተም ወረቀት ታሸገ። እኔም እሽጉ ቢላቀቅ እንደምጠየቅና ጥበቃውን የሚቀበለኝ ተረካቢ ሳይተካ ከቤቴ ውጭ እንደማላድር ፈረምኩ። የጥቂት ቀን ነገር መስሎኝ ነበር።

3. ባለሙያው እስከ ዛሬ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ወበቁ ሲበረታ የወረቀቱ ሙጫ ይለቃል፤ በመዳፌ ደግፌው እቆማለሁ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዕቃዬ ታስሬአለሁ።

4. እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ ወለቴ ካምባ ተድራ ነው የምትኖረው። ከገና ወዲህ አልጋ ይዛለች፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤቷ መልሰዋታል። ያንን መንገድ ሄዶ፣ ታማሚ ጠይቆ በዚያው ቀን መመለስ አይቻልም። በስልክ «ሽበሺ፣ ብረቱ ከእኔ በለጠብህ?» አለችኝ። ስልኩን ለጣይቱ ሰጠኋት።

5. ጎረቤቴ አቶ ጌዲዮን እንዲረከበኝ ብለምነው፣ እህልም ውኃም አበድርሃለሁ፣ ማኅተም ካለበት ነገር ግን ስሜን አላስጠጋም አለኝ። አልፈርድበትም። ባለቤቴ ልፈርም ብትል ደግሞ ባልና ሚስት አንድ አካል ስለሆኑ ተረካቢው ሌላ ሰው መሆን አለበት ተባለ። አርባ ዓመት በትዳር ስንኖር ይህ ቃል ጉዳት ያመጣብናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

6. «ለንግድ ነው» ብዬ ብፈርም ጉዳዩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተላልፎ እኔ እንደምለቀቅ በቃል ተነግሮኛል። እስካሁን እምቢ ያልኩት ውሸት ስለሆነ ብቻ ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ፈርሜ አላውቅም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ «ለደስታዬ» ያልኩት ይሰረዝልኝ። ለንግድ ነው በሉ፣ እፈርማለሁ። ዕቃውንም ውሰዱት፤ ደስታው ከጠፋብኝ ቆይቷል። ብቻ ዛሬውኑ የሚረከበኝ ሰው ይላክልኝ። እህቴ ዓይኗ ሳይከደን ልድረስባት። ስመለስ የምትጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ።

ከበሩ ሳልርቅ ውሳኔዎን እየጠበቅሁ፣
ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሽበሺ ደግነት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ወለቴ ደግነት፣ ካምባ (እንዲነበብላት)