ያልወረድኩበት ባሕር

ጥር 18፣ ሰኞ፣ ማታ 2 ሰዓት። ሃግሴትራ፣ ቤቴ

ከሲምሃል፣ ከሠፈሩ መዋኛ ገንዳ፣ መመለሴ ነው። ጸጉሬ ክሎሪን ክሎሪን ይላል። ሦስተኛው የመጥለቅ ትምህርት። ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክኮ መነጽር ውስጥ ውኃ ማስገባት፣ ከዚያ በአፍንጫ ተንፍሶ ማስወጣት። ሁለት ጊዜ አቃተኝ። በሦስተኛው ሆነ።

አሠልጣኟ ለዕድሜህ ጎበዝ ነህ አለችኝ። ልጄ ሊያ ቀድማኝ በስዊድንኛ መለሰች። አባቴ ቀይ ባሕር የጠለቀ ሰው ነው፣ እየተማረ ሳይሆን እያስታወሰ ነው አለቻት። ደብተሬ፣ እውነቱን የምናውቀው እኔና አንድ ሌላ ሰው ነን። የደረቀ መነጽር መጥረግ ጀመርኩ።

ሊያ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤት ለስፖርት ዕረፍት ሲዘጋ ካሪቢያን ወዳለች አንዲት ደሴት እንበራለን። የጠላቂዎች ሆቴል፣ አንድ ሳምንት። የጡረታ ስጦታዬ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ጥር 21፣ ሐሙስ

እራት ሊያ ቤት። ኮሪደሯ ላይ፣ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ፣ የእኔ የጋዜጣ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ወረቀቱ የሻይ ቀለም ይዟል። "ከምጽዋ ባሕር በታች" ይላል። የሃያ አራት ዓመት ሪፖርተር ሆኜ ከባሕር ኃይል ጠላቂዎች ጋር ወርጄ ያየሁትን ስተርክ። እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ድንጋይ። ሙሽራ የመሰለ ዓሣ። ፍጹም ጸጥታ። ሊያ አማርኛ ማንበብ ያዳግታታል፤ ይህን ግን በቃሏ ትወጣዋለች። ልጅ ሳለች ሳስተኛት በተረት ፋንታ የምነግራት እሱን ነበር። መጥለቅ የተማረችውም በእሱ ምክንያት ነው። እስከ ዛሬ የገባችው እዚሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሞቃት ባሕር ከአባዬ ጋር ይሁን ብላ አቆይታዋለች።

በልኩ ልጻፈው። ያን ቀን ጀልባው ላይ ነበርኩ። የጠለቀው ተክሌ ነው፣ የባሕር ኃይሉ ጠላቂ። ብቅ ይልና የጀልባውን ጠርዝ ይዞ ያየውን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። መ/ቤት ስመለስ ዋ/አዘጋጁ "ተክሌ አየ" የሚለውን "አየሁ" አድርገው አሉኝ። አደረግኩት።

ጥር 24፣ እሑድ፣ ከሰዓት 11

ስፖንጋ ነበርኩ፣ ተክሌ ዘንድ። እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ነው ጡረታ የወጣው። ሊያ የምታውቀው ጋሽ ተክሌ ይኸው ሹፌሩ ነው። ግራ ጆሮው አይሰማም። የሞተር ድምፅ የጎዳው ይመስላታል። ጆሮውን የወሰደው ባሕሩ ነው።

ጉዞውን ስነግረው ሻዩን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። "አንተ? ኧረ አንተ ሰውዬ! ያኔ እኮ ጫማህን እንኳ አላወለቅክም! ክራቫት አስረህ!" ክራቫት አላሰርኩም። ጫማው እውነት ነው።

ለምን ለሊያ ሳይነግራት እንደኖረ ጠየቅኩት። ስትተርክላት ዓይኗ ሲበራ እመለከት ነበር አለኝ። ማን ጠለቀ ብላ ጠይቃው አታውቅም፤ ዓሣው ምን ይመስላል ነበር እኔን የምትጠይቀኝ። ስወጣ በሩ ላይ ትከሻዬን ያዘኝ። "በቃ፣ ውረድና እውነት አድርገው።"

ፔንደሉ ባቡር ውስጥ እሱን ሳብሰለስል መጣሁ። ከወረድኩ፣ ጥፋቴ የቀን ስሕተት ብቻ ይሆናል። አይደል?

የካቲት 13፣ ዓርብ

ዶ/ሯ ፈረመች። ልብ ደህና። ሳንባ ደህና። ውጭ በረዶ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ቁምጣ። ከምጽዋ ወዲህ ቁምጣ ለብሼ አላውቅም።

የካቲት 15፣ እሑድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት። ደሴቷ

ጾም ላይ ነኝ። ሊያ ለወጥ ቤቷ ሴትዮ ነግራልኝ ትናንት ቦሎቄና ሩዝ በኮኮናት ሠሩልኝ። ጾም እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም። ይህም ሳያስጠይቅ አይቀርም።

ገና ጎሕ ሲቀድ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ጨው፣ ናፍታ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ሌሊቱን ሙቀቱ ያልለቀቀው ሲሚንቶ። ምጽዋ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ተክሌ ወደቡ ጠርዝ ላይ እርጥብ እግሩን ዘርግቶ ሐብሐብ በጩቤ ሲቆርጥ። መሐሉን ለእኔ፣ ጠርዙን ለራሱ። ውኃው ከክንዱ ላይ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይቀራል። ያ ሐብሐብ ጽሑፉ ውስጥ ለምን አልገባም? የዚያ ቀን ምርጡ ነገር እሱ ነበር።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9

ወረድኩ። አሥር ሜትር። ሊያ እጄን ይዛለች። መጀመሪያ የራሴ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ዓሣ፣ መዓት። የተዘረጋው ድንጋይ። ጃንጥላ ማለት ልክ ነው፣ ተክሌ አልተሳሳተም። ደስ አለኝ። እውነት አደረግኩት አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሰማሁት። ከየአቅጣጫው። ተልባ ሲቆላ።

ያኔ ተክሌ ጠርዙን ይዞ፣ ውኃ ከአፍንጫው እየወረደ፣ "ታች ተልባ የሚቆሉ ይመስላል፣ ጻፍ" ብሎኛል። ጻፍኩ። ቢሮ ገብቼ ሰረዝኩት። የሚቀልድ መስሎኝ ነው። ባሕር ጸጥ ማለት አለበት አልኩ። "ፍጹም ጸጥታ" በቦታው ገባ።

ስንወጣ ሊያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አደረገች። ለወትሮው በስዊድንኛ የምታወራኝ ልጅ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፦ "አባዬ፣ አንተ ጸጥታ ነው ብለህ ነው የጻፍከው።" አስጎብኚው የሚንጣጡት ሽሪምፕ የሚባሉ ትንንሽ የባሕር እንስሳት ናቸው አላት። ቀይ ባሕርም እንዲህ ነው? ብላ ጠየቀችው። ቀይ ባሕርም፣ አለ። ወደ እኔ ዞረች። ጀልባው መቆሚያው እስኪደርስ የመነጽሬን ማሰሪያ ስፈታና ሳስር ቆየሁ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ቁርስ ላይ ነገርኳት። ጀልባውን፣ ጫማውን፣ ተክሌን። ዋ/አዘጋጁ ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ደብተሬ፣ ጥር 21 አንተንም ዋሽቼሃለሁ። ዋ/አዘጋጁ ምንም አላሉኝም። "አየሁ" ብዬ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት እሳቸው ላይ ስለጥፍ ኖርኩ፣ ራሴም አመንኩት።

አልጮኸችም። ሹፌሩ ጋሽ ተክሌ? አለች። አዎ። ሳህኗን አነሣች።

ያለ እኔ ጠለቀች። ቀኑን በረንዳው ላይ ዋልኩ።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ሁለት ቀን ስለ ቁርስና ስለ ፎጣ ብቻ ተነጋገርን። ዛሬ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ጥያቄ፦ "ሌላስ ምን ሰረዝክ?"

ሐብሐቡን ነገርኳት። ተክሌ ከመጥለቁ በፊት ማማተቡን፣ በዚያ ዘመን አይጻፍም ነበር። ጥርሱ በብርድ ሲንገጫገጭ፣ በዚያ ሙቀት! ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ጋሽ ተክሌ በየልደቴ መጥቶ ይህን ታሪክ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር አለች።

የካቲት 22፣ እሑድ። ሃግሴትራ

በረዶው እንዳለ ነው። ሊያ መጣች። ጽሑፉን ከመስተዋቱ አውጥታዋለች። ልትመልስልኝ መሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እርሳስ ሰጠችኝ። "አርመው።"

ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ። "አየሁ" የሚለውን ሁሉ "ተክሌ አየ" አልኩ። አሥራ አንድ ቦታ። "ፍጹም ጸጥታ" ላይ ስደርስ ሰረዝኩት። ተልባውን መለስኩ። የቀረውን ግን አላስታውስም፤ የእኔም አይደለም።

ለተክሌ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ቅዳሜ ኑ፣ ግን በቀኝ ጆሮዬ በኩል ተቀመጡ አለ። ለሊያ ስልኩን ሰጠኋት። "ጋሼ፣ ዓሣው ምን ይመስል ነበር?" አለችው።

ወሰንኩ። ቅዳሜ ስፖንጋ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድም ቃል አልሰርዝም። ጫማዬንም በሩ ላይ አወልቃለሁ።