የላክኸው የጣሳ አትክልት

ለወንድሜ ለሙአዊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አፊያህ እንዴት ነው? የሪያድ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ወገብህስ ተሻለህ? ያ አሠሪህ ጁምዓ ጁምዓ ማረፍ ፈቀደልህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ግን ለሰላምታው ነው እንጂ እኔስ በአንተ በጣም ተናድጃለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ እናታችን ድምፅህን ከሰማች ቀፎውን ከእጄ ትነጥቀኛለች። ስለዚህ ጽፌ ወደዚያ በሚመለሰው በሙስዓብ እጅ ልኬልሃለሁ።

ከዒድ አልፈጥር በኋላ ሙስዓብ ያመጣው ካርቶን ደርሶናል። ሃያ አራት ጣሳ አተር፣ ፎሶሊያና ካሮት፣ ሁሉም በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ። ሰው ለአትክልት ገበሬ አትክልት ይልካል? ከእናታችን በር ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በሞተር ውሃ እየሳብኩ ቆስጣና ካሮት የማለማ ሰው መሆኔን ረሳኸው? ካርቶኑ ከመጣ በኋላ እሷ የእኔን ቆስጣ አልነካም አለች። ባለቤቴ ሀዲያ ሠርታ ስታቀርብላት «ለልጆቹ ስጫቸው» ብላ ትገፋዋለች። ከዚያ ያንተን ጣሳ ታስከፍትና ቢስሚላህ ብላ አተሩን ትበላለች፤ ውሃውንም ጭልጥ አድርጋ ትጠጣዋለች። ልጄ የላከው፣ ዐረብኛ የተጻፈበት ነገር እንዴት ይደፋል ትላለች። ባዶውንም አትጥልም። የአላህ ስም ይኖርበት ይሆናል ብላ አጥባ መደርደሪያ ላይ ትደረድረዋለች። ሙስዓብ ጽሑፉ «ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ» እንደሚል አንብቦ ቢነግራትም አላመነችውም።

ወሩ ሳይሞላ በረንዳው ላይ አዞራትና ግድግዳ ይዛ ቀረች። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የደም ግፊቷ ነርሷን ስህንን ራሷን አስደነገጣት። ጨው ከተከለከለች ሁለት ዓመቷ ነው። እኛ ወጧን ያለ ጨው ስንሠራ አንተ ጨውን በጣሳ ላክህላት።

ስህን ከእኔ ጋር ሆና አንተን የምትወቅስልኝ መስሎኝ ነበር፤ እኔንም አልማረችኝም። የታሸገ ሁሉ መርዝ ነው እያልክ አታውራ አለችኝ። ከአተሩም ከካሮቱም አብዛኛው ጥቅም እዚያው አለ፤ ሲታሸግ በሙቀቱ የሚቀንሰው በተለይ ቫይታሚን ሲ ነው፤ እናትህን የጎዳት የጠጣችው የጨው ውሃ ነው፤ ደፍታችሁ ብታጥቡት ኖሮ ይሻል ነበር አለች። ቀጥላ የእኛን ቆስጣ እንዴት እንደምንሠራው ጠየቀችኝ። አንድ ሰዓት ቀቅለን ውሃውን እንደምንደፋ ነገርኳት። «ታዲያ የእናንተስ ምን ተረፈው?» አለችኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነቷን ነው። አሁን ሀዲያ እሳት ለአፍታ ብቻ ታስነካዋለች፤ የቀሩትንም ጣሳዎች ውሃቸውን ደፍተን፣ ውስጡን አጥበን በላናቸው።

ቤት ስንመለስ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እናታችን ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ለምን የእኔን ትንቂያለሽ አልኳት። እሷም ቀስ ብላ «አንተን በየቀኑ አይሃለሁ። የሙአዊያ እጅ የነካውን የማገኘው ግን ይኸን ብቻ ነው» አለችኝ። ከሄድክ ሰባት ዓመት ሆነህ እኮ። ንዴቴ ግን ባሰ እንጂ አልበረደም። በባጃጅ ደግፌ የምወስዳት እኔ፣ መድኃኒቷን የማመላልስ እኔ፣ የምትናፈቀው አንተ።

በማግስቱ ከመደርደሪያዋ ባዶ ጣሳዎቹን አወረድኩ። ታቻቸውን በምስማር በሳሁ፣ ከእርሻዬ አፈር ሞላሁና የቆስጣ ችግኝ ተከልኩባቸው። ጽሑፉን አልነካሁትም። በሯ ላይ ደረደርኩላት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ራሷ ታጠጣቸዋለች። ባለፈው ማክሰኞ ቀጥፋ አሠራች፣ ሰሃኑን ጠርጋ በላች፣ ከዚያም ለጎረቤት «የሙአዊያ ቆስጣ እንዴት ይጣፍጣል» ብላ አወራች። ችግኙ የእኔ፣ አፈሩ የእኔ፣ የሚሳበው ውሃ የእኔ። ወላሂ እንደዚህ የሚያናድድ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ስህን ትናንት ስትለካት ግፊቷ ወርዷል።

ሀዲያ ሰላም ትልሃለች፤ ወገብህን ጠብቅ ብላለች። ልጄ ሱንዱስ አጎቴ ፎቶ ይላክልን ትላለች። ትንሹ ኡበይድ መራመድ ጀምሯል። እናታችን ይህን ደብዳቤ አታውቀውም፤ የዘወትር ዱዓዋ ግን አንተ ነህ።

ሃያ አራቱም ጣሳ ተተክሎበታል፤ እሷ ግን ይጨመርልኝ እያለች ነው። ስለዚህ ውስጡን እዚያው አንተ ብላው፤ ጨውን አጥበህ። ለእኛ ባዶውን ላክልን፤ ጽሑፉ እንዳይላጥ ተጠንቀቅ።

ታላቅ ወንድምህ ኑርዬ
አርዲቦ፣ ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.