የዘበኛው ደመወዝና የኔ አፍ

እታለም፣ ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንደምን ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬ ዓይኗን ታከመች ወይስ አሁንም በዳበሳ ነው? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለኝ የለም።

ባለፈው ደመወዜ እጥፍ ሆነ ብዬ ስጽፍልሽ፣ ጎበዝ ሾፌር ስለሆንኩ ነው ብዬሽ ነበር። ጎበዝነቴማ አይካድም፤ የባንኩን ትልቁን አለቃ ጥቁር መኪና እንደኔ በዚያ ጠባብ በር የሚያስገባ ቢገኝ ጆሮዬን ይቁረጡት። ጭማሪው የመጣው ግን በመሪ አይደለም፣ በአፌ ነው። አንቺ ድሮም “ይሄ አፍህ አንድ ቀን ሰው ይበላል” ትዪኝ ነበር። በላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለባንክ አለቆች አዲስ ሕግ ወጣ። የትልቁ አለቃ ደመወዝ፣ ቦነሱ ተጨምሮበት፣ ከባንኩ ትንሹ ተከፋይ ሠላሳ እጥፍ መብለጥ የለበትም ይላል። ትንሾቹ ተከፋዮች ደግሞ ዘበኞቹና ጽዳቶቹ ናቸው። አለቃዬ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ “ከዘበኛ ጋር በአንድ ገመድ አሰሩኝ” እያለ ሲነጫነጭ፣ እኔ መቼ ዝም እላለሁ፣ “ታዲያ ጌታዬ፣ ከባንኩ መዝገብ ያስወጧቸዋ! በኤጀንሲ ይሥሩ። ያኔ ትንሹ ተከፋይ እኔ እሆናለሁ፤ ለኔ ሲጨመር ለእርስዎም ይጨመራል” አልኩት። እማዬ ትሙት ለቀልድ ነው ያልኩት። ሳቀ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በወሩ ሠላሳ ስምንት ሰው ወደ ኤጀንሲ ዞረ ተባለ። ኤጀንሲው ደግሞ ከፊሉን በግማሽ ደመወዝ ያዘ፣ ከፊሉን ሽማግሌ ነው ብሎ መለሰ።

ከተመለሱት አንዱ አባ ቀጥ የምንላቸው የበሩ ዘበኛ ናቸው። እኔን ለምነው ያስቀጠሩኝ እሳቸው ነበሩ። ከሥራው ወጡ እንጂ ከበሩስ አልቀሩም፤ በየጠዋቱ ካፖርታቸውን ጠርገው ለብሰው ከመንገዱ ማዶ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እንደ ልማዴ ሁለቴ ጡሩምባ ስነፋ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ይሰጡኛል። አንድ ቀን ወርጄ ሳናግራቸው “እንኳን ላንተ ተጨመረልህ ልጄ” አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! በኔ አፍ እንደወጡ አያውቁም። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሞቱ። ልብ ነው አሉ።

አፈር ካለበሷቸው አንዱ እኔ ነኝ። በማግስቱ በሩ ጋ ስደርስ እጄ ራሱ ሁለቴ ነፋ። አዲሱ ዘበኛ “ምን ታደነቁረኛለህ፣ ተከፍቶልሃል እኮ!” ብሎ ጮኸብኝ። ስፖኪዮውን ሳይ አባ ቀጥ ከነካፖርታቸው ማዶ ቆመዋል፣ እጃቸው ግንባራቸው ላይ ነው። ዞር ስል ማንም የለም። በየቀኑ እንዲሁ ነው። ፈሪ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ግን በዚያ በር ሳልፍ ስፖኪዮውን አጥፌ ነው።

ዛሬ የዚያ ሕግ ተቆጣጣሪ ባንኩ መጥታ ሠራተኛውን አንድ በአንድ እያስጠራች ትጠይቃለች። አለቃዬ ጠዋት “በፈቃዳቸው ነው የሄዱት በል፤ ያንተን ደመወዝ ገና እናሳድገዋለን” አለኝ። እኔ፣ አፌ መልስ የማያጣው፣ በሩን ከፍቼ አወረድኩት። አሁን ግን ቆርጫለሁ። ማን እንደቀለደ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንደተባረረ እነግራታለሁ። ሠላሳ ሰባቱ ገና በሕይወት አሉ። ብባረር እንዳትደነግጪ፤ እኔ ሥራ አላጣም፣ ሥራ ነው እኔን የሚያጣኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን፣ መንታዎቹን ሰላም በይልኝ። አባባን ደግሞ ስለ ጭማሪዬ ለጎረቤት ማውራቱን ይተው በይልኝ፤ የሰው ነው።

ወንድምሽ

ከባንኩ ጓሮ፣ መኪናው ውስጥ፣ ሐሙስ ረፋድ። ስሜን እየጠሩ ነው።