ሲሚንቶው ላይ የቀረችው "ወ"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8 ቀን

ቤተ መጻሕፍቱ ያዘጋጀው የከተማችን የሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ታሪክ ጉብኝት ዛሬ በእኛ መንገድ አለፈ። አስጎብኚዋ የእግረኛው መንገድ ሲሚንቶ ላይ ያለውን የጫማ ዱካ አሳየችን። አጠገቡ ያለችውን ምልክት ግን "የልጅ ጭረት" ብላ አለፈቻት።

ጎረቤቴ ሳራ ሳቀች። "ይቺማ የእኛ 'ወ' ናት! እትዬ አስካለ፣ እርስዎ የሰፈሩ ነባር ነዎት፤ ማን ጻፋት?"

"እኔ ምን አውቄ" አልኩ።

ባሌ ወልዴ ነው የጻፋት፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ። "ገና የመኖሪያ ወረቀት ሳናገኝ ፖሊስ ልትጠራብን ነው?" ብዬ ጮኼበት፣ ስሙን በጫማዬ ደፈጠጥኩት፤ "ወ" ብቻ ተረፈች። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ይቅርታ ሳልለው ሞተ። ዛሬ እንኳ ስሙን ብጠራው ምን ነበረበት! በዕድሜዬ ስንት መጽሐፍ አንብቤ አንድ ቃል አጣሁ።

ሳራ ጎንበስ ብላ "ዱካው እኮ የሴት ነው" ስትል፣ እግሬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።