ጥጥን ያጠብኩበት ሳምንት

ረቡዕ

ነከሰችኝ። ጥርሷ የሩዝ ፍሬ ቢያህል ነው፤ የእኔ ጩኸት ግን ጅማ መሃል ሄርማታ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ነገሩ የመጣው ከእህቴ ከአስካለ ነው። የውሻችን የጥጥ ሽታ መሯት ጠዋት ፈረደች፦ «እሁድ ሸቤ ከተማ ያለው ዘመዳችን ሲመጣ ይዟት ይሂድ፤ ግቢ ትጠብቅለት።»

ጥጥ ግቢ ልትጠብቅ! ድመት ስታይ እግሬ ሥር የምትወሸቅ ውሻ!

ያመጣቻት የአስካለ ልጅ ሜሮን ናት። አጋሮ ሥራ ስታገኝ «እስክደላደል» ብላ እኛ ዘንድ ተወቻት። የጥጥ ፀጉር መሬት ይጠርጋል። ነጭ ነበር። አሁን ቀይ ጭቃ፣ የቡና ገለባና አንድ የታኘከ ማስቲካ አለበት።

«እስከ እሁድ እንደ ስሟ አደርጋታለሁ» አልኩ።

«አንተ ራስህ መቼ ታጠብክ?» አለች አስካለ።

ገና «ውሃ» ስል ጥጥ አልጋ ሥር ገባች። ጎትቼ አወጣኋት፤ ሳፋ ውስጥ ከትቼ በሳሙና አሸኋት። የተነከስኩት ያኔ ነው።

ሐሙስ

ጉድ ሆንኩ። የተቋጠረው ፀጉሯ ሲደርቅ ጭራሽ ጠበቀ። ከጆሮዋ ጀርባ በርኖስ ሆኗል። ሜሮን ስትደውል ነገርኳት።

«ጋሼ! ሳታበጥራት አጠብካት?»

«ሰው ታጥቦ አይደል እንዴ የሚያበጥረው?»

«እሷ ሰው ናት?»

ተማርኩ። መጀመሪያ በደረቁ ማበጠር፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ። ቆዳዋ እንዳይሳብ ሥሩን በጣት ያዝ። መቀስ፣ ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ።

ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ እማዬ የምሯን ልትሰጣት ነው?»

«ማበጠሪያ ፍለጋ ልሂድ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ

በረንዳ ላይ ሳበጥራት ዋልኩ። የአስካለን ኮንዲሽነር ሰረቅኩ። ትንሽ ብቻ። እሺ፣ ግማሹን። ቋጠሮው እየላላ መጣ፤ ሁለት ቦታ ብቻ ቆረጥኩ። ጭኔ ላይ ተኝታ አንኮራፋች። ድል!

ጎረቤታችን ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ አዩን። «የሶላት ውዱእ አለኝ፤ እንዳታስነካኝ» ብለው ራቅ ብለው ቆሙ። ግን አልሄዱም። ውሃ የሚለውን ቃል እንደምትፈራ ነገርኳቸው።

«በኦሮምኛ በላታ። ቢሻን በል።»

«ቢሻን» አልኩ። ዘላ አልጋ ሥር!

ሐጂ በሳቅ አለቀሱ። «የጅማ ውሻ መሆኗን ረስተን! በል ለውሃው የሰው አገር ስም አውጣለት።»

ሰሞኑን አእምሮዬ ውስጥ ያለው አገር አንድ ነው። «ጥጥዬ፣ ነይ ሸቤ እንሂድ» አልኳት። ጭራዋን እየቆላች መጣች፤ አላወቀችም። ለብ ያለ ውሃ፣ የሕፃን ሻምፑ፣ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ። ጥጥን በጥጥ! በፎጣ ሳላሻት ጫን ጫን አድርጌ አደረቅኳት። ነጭ ሆነች። እኔም ደነገጥኩ።

ቅዳሜ

ጎረቤት የተሰጣ ቡና ላይ ተንከባለለች።

አስካለ ገበያ ስለነበረች አላየችም። ቶሎ ብዬ «ሸቤ!» አልኩ። አልጋ ሥር። ይህንንም አወቀችው! ጎትቼ አጠብኳት። ዛሬ አልነከሰችኝም፤ ብቻ እንደ አማት ገላመጠችኝ።

እሁድ

ዘመዳችን በጠዋት ከች አለ። ዓይኗ ላይ የሚወርደውን ፀጉር በአስካለ ላስቲክ አስሬ አቀረብኳት።

«አምሮባታል» አለች አስካለ። ልቤ ሞቀ። «ግን ሁልጊዜ ማን ያጥባታል? አንተ ነገ ይሰለችሃል።» ከዚያ ጎንበስ አለች፦ «በይ ጥጥዬ፣ ሸቤ ልትሄጂ ነው።»

ጥጥ እሪ አለች። አስካለ ቀሚስ ሥር ገብታ ተንቀጠቀጠች።

አስካለ አፏን ያዘች። «ወይኔ! ሰማችኝ! ሰው አይደለች እንዴ ይህቺ!» አንስታ አቀፈቻት፤ ያውም የክት ነጠላዋን ለብሳ። ዘመዳችንም ፈራ። «እኔ የሚያለቅስ ውሻ አልወስድም» ብሎ በምትኩ አቮካዶ ይዞ ሄደ።

እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።

ለሜሮን ደውዬ እውነቱን ነገርኳት፤ ሳቋ መለስ ሲል አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። አስካለ በአጥሩ ላይ ለሐጂ እያወራች ነው፦ «ቤቷን ታውቃለች እኮ!» ሐጂ እኔን ሲያዩ ሳል ሳል አደረጋቸው።

አሁን ችግሩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መታጠብ አለባት። አስካለ እየሰማች ሸቤ ማለት አልችልም። ሊሙ ልበለው መሰለኝ። እዚያ ዘመድ የለንም።