ለባንኩ መርዶሽን የነገርኩ ዕለት

ውቤዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ብዕር ካነሣሁ በኋላ መልስ እንደማይመጣ ትዝ አለኝና ተውኩት። ከተለየሽኝ ዛሬ አሥራ አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። አሁን ደህና ነው ማለቴ ነው፤ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ግን ዘጠና አንድ ዓመት እስኪሞላኝ ልከፍልበት ለጥቂት ተርፌአለሁ። የምጽፍልሽ ድንጋጤው ገና ስላልለቀቀኝ ነው። ሌላ ሰው አንብቦት ከእኔ ስሕተት ቢድን ደግሞ ቅር አይለኝም።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ መንጠባጠቡን አቁሟል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትለምኚኝ የነበረው ማለቴ ነው። ሥራው አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ይቅርታ። ልጃችን ማህሌት ሴንት ፖል አፓርታማ ተከራይታ ወጥታለች። እሑድ እሑድ ትመጣና ፍሪጁን ከፍታ ትዘጋለች። ምንም አትናገርም፤ አዘጋጓ ግን ይናገራል። እኔም እዚያው የመኪና ማቆሚያው በር ላይ፣ ያቺ የመስታወት ክፍል ውስጥ ነኝ። ከመኪናው መጽሐፉ ስለሚበዛ አንቺ ባወጣሽልኝ ስም አሁንም «ፕሮፌሰሩ» ነኝ። ደመወዙም እንደ ስሙ አልሆነም።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

ለቅሶሽ ላይ ጋሻውን ታስታውሺ ነበር፣ ብትኖሪ። ኢገን ከተማ ቢሮ ያለው፣ የቤት ብድር የሚያስጨርሰው የማኅበራችን ልጅ። አርባ ተጣጣፊ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በራሱ መኪና አመላልሶ፣ ውኃውን በካርቶን በካርቶን ተሸክሞ፣ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ጋራዡ ውስጥ ለብቻዬ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብድሩ በማን ስም እንደሆነ ጠየቀኝ። በእሷ ስም ብቻ ነው አልኩት። አንቺ እንደምታውቂው፣ ቤቱ የሁለታችን ሆኖ ብድሩ ያንቺ ብቻ የሆነው እኔ ለወዳጄ የመኪና ብድር ዋስ ሆኜ፣ ወዳጄ ከነመኪናው ወደ ሌላ ስቴት ስለሄደ ነው። ክሬዲቴ፣ ማለትም የብድር ስሜ፣ እስከዚያ ቀን ከዚያ ጉዞ አልተመለሰም ነበር።

ጋሻው ፊቱ ተለወጠ። ተበዳሪው መሞቱን ባንኩ ከሰማ ቀሪውን ዕዳ በአንድ ጊዜ አምጣ ሊል ይችላል አለኝ። ኀዘኑ እስኪበርድ ዝም ማለት፣ ከዚያ ሪፋይናንስ አድርጎ ብድሩን በአዲስ ውል ወደ እኔ ስም ማዞር ነው የሚሻለው አለ። «እስከዚያው ግን ጋሼ፣ ባንኩ አይስማ።»

ባንኩ አይስማ። የሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ጠበቃ ይጠራ ነበር። ለእኔ ግን በዚያ ሳምንት ከሰማሁት ሁሉ የገባኝ ነገር ይኸው ነበር። እኛ መርዶ መደበቅ እናውቅበታለና። እናቴ ያረፈች ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ደብቀሽኝ አልነበር? ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከሥራ የሚያርፉበት ማለዳ እስኪገኝ ድረስ ምሳዬን እየቋጠርሽ ትሸኚኝ ነበር። ዐይንሽ ለምን እንዳበጠ ስጠይቅሽ አለርጂ ነው አልሽኝ። ወሩ ጥር ነበር። በሚኒሶታ በጥር የሚያብብ ነገር እንደሌለ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለዚህ ደበቅሁሽ። ወርሃዊ ክፍያው አንቺ እንዳስተካከልሽው ከጋራ ሒሳባችን በራሱ ይሄዳል፤ ማንም የሚጠረጥር አልነበረም። ከዚያ ባንኩ ስለ ቤቱ ኢንሹራንስ መደወል ጀመረ፣ የሚፈልጉት አንቺን ነው። ለመጀመሪያው ደዋይ ሥራ ላይ ናት አልኩ። ለሁለተኛው ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች አልኩ። ለሦስተኛዋ ትንሽ አሟታል አልኳት። ለአራተኛዋ ጠንቶባታል አልኩ። አየሽ፣ ሳላስበው ባንኩን እንደ ሩቅ ዘመድ ደረጃ በደረጃ እያዘጋጀሁት ነበር። አራተኛዋ ሴትዮ እግዜር ይማራት ለማለት የሚቀርብ ነገር ተናገረች። አመሰገንኳት። ሌላ ምን ልበል?

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጋሻው ጊዜው ደርሷል ብሎ ወረቀቱን አመጣ። ክሬዲቴ በመጠኑ አገግሟል ተባለ፤ ከአንቺ በኋላ እኔ ሳልነካው የተሻሻለ ነገር ይህ ብቻ ነው። ወለዱ ስድስት ነጥብ ስምንት ሰባት አምስት በመቶ፣ በዚያ ላይ የውል መዝጊያ ወጪ፣ በዚያ ላይ ወለዱን ዝቅ ለማድረግ አስቀድሞ የሚከፈል። አንብቤ አመሰገንኩት። ፊርማው ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተቀጠረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ ነው ብዬ አላሰብኩም። አርባ ወንበር የተሸከመልኝን ሰው ወለድህ ስንት ነው ብዬ ልከራከረው?

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያገኘችው ማህሌት ናት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በእንግሊዝኛዋ «አባዬ፣ ዲድ ዩ ኢቭን ሾፕ አራውንድ?» አለችኝ፤ ሌላ ቦታ ጠይቀሃል ወይ ማለቷ ነው። ዋጋ የሚወዳደረው የመኪና ጎማ ነው፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው አይወዳደርም አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። አስተያየቱን ታውቂዋለሽ፣ ያንቺ ነው።

ያን ሳምንት በግድ ሁለት ቦታ አስጠየቀችኝ። አንደኛው በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ አበዳሪ ነው። አንድ ደስተኛ ድምፅ ስምንት ደቂቃ ሙሉ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ወለዱ ስድስት ተኩል ነው፣ ዝርዝሩ ሲመጣ ግን የልዩ ልዩ ክፍያዎቹ መዝገብ እኔ ከማነባቸው መጻሕፍት ይረዝማል። ሁለተኛው ኒው ሆፕ ያለ ክሬዲት ዩኒየን፣ የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ለእሱ ከረባት አሰርኩ። ማህሌት ከጎኔ ተቀመጠች። ያስተናገደችን በእኔ ዕድሜ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነጭ ሴትዮ ናት።

የመጀመሪያ ጥያቄዋ አሁን የምከፍለው ወለድ ስንት እንደሆነ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ወለድ ሳወራ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ባለቤቴ ናት የምታውቀው አልኳት። ደውለው ሊጠይቋት ይችላሉ ወይ አለች። ስልኳ አይነሣም አልኩ። ውሸት አልነበረም። ማህሌት ዘወር ብላ አየችኝ።

ከዚያ ከቦርሳዋ ያንቺን አረንጓዴ ፎልደር አወጣች። ያ ከቁም ሣጥኑ ላይ ያለው፣ አሥራ አንድ ወር እጄን ልሰድበት ያልቻልኩት። ከባንኩ በየወሩ ከሚመጣው ስቴትመንት የመጨረሻውን መዝዛ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገች። አነበበች። መነጽሯን አወለቀችና ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሁለት ነጥብ ሰባት አምስት።

«ጌታዬ፣» አለችኝ፣ «ይህን ብድር ማፍረስ ከፈለጉ በእኔ እጅ አይሆንም።»

ማበደር ሥራዋ የሆነ ሰው አላበድርም ሲልሽ መስማት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አልነግርሽም። ካልኩሌተሯን አዞረችልኝ። ሐሙስ ብፈርም ኖሮ በየወሩ ከአራት መቶ ዶላር በላይ እጨምር ነበር፤ ሠላሳው ዓመትም እንደ አዲስ ይጀመር ነበር። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ዘጠና ዓመት ብኖር እንኳ ይህን ቤት እየከፈልኩበት እሞት ነበር።

ያን ጊዜ የቶዮታችን ኮፈን ትዝ አለኝ። በወረርሽኙ ጊዜ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ሰው ቤት መግባት ስለማይቻል ይህን ብድር የሚያስፈርመው ሰው ግቢያችን ድረስ መጣ። ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ ዘረጋችሁት። የብዕሩ ቀለም ረጋ፤ ጃኬትሽ ውስጥ ብብትሽ ሥር ከተሽ አሞቅሽው። እኔም የቤቱ ባለድርሻ ነኝና ጣትሽ ያረፈበት ላይ ሁሉ እፈርም ነበር፣ ሐሳቤ ግን ያቋረጥኩት የመጽሐፍ ገጽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ፣ ከምትሠሪበት የአረጋውያን መጦሪያ ምሳ ክፍል ሆነሽ ባንክ ለባንክ ስትደውዪ፣ ቁጥሮቹን የግድግዳ ካላንደራችን ጀርባ ላይ ስትጽፊ ከርመሻል። እኔም ለአንዲት ነጥብ ይህን ያህል፣ ነጋዴ ልትሆኚ ነው ወይ እያልኩ ቀለድኩብሽ። የተስማማሽበትንም ቁጥር ነግረሽኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። ያንን አነቃነቅ ታውቂዋለሽ። ካላንደሩ ፎልደሩ ውስጥ ነው፤ አሥራ አራት ባንክ ሰርዘሽበታል።

ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ብድር ይዤ ለምን ልለውጥ እንደፈለግሁ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ሞታለች፣ ባንኩ ግን አልሰማም አልኳት። ማህሌት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አባዬ፣ ዛት ኢዝ ፍሮድ» አለች በጣቶቿ መካከል። ማጭበርበር ነው ማለቷ ነው። ሴትዮዋ ግን በዝግታ አስረዳችኝ። ባል ወይም ሚስት ሲሞት፣ የቀረው ቤቱን ወርሶ እዚያው እስከኖረና እስከከፈለ ድረስ፣ በሞቱ ምክንያት ባንኩ ዕዳውን ጠቅልለህ አምጣ ሊል አይችልም፤ ሕግ ይከለክለዋል። ወለዱም ውሉም እንዳለ ይቀጥላል። ማድረግ የነበረብኝ ደውሎ መንገር ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንቺን አሳምሜ፣ አስተኝቼ፣ ጠናባት ያልኩት ለምንም ነገር አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጋሻውን ፈልጌ አገኘሁት። ምን ብዬ እንደምነግረው መንገዱን ሙሉ ሳጠና ነበር የሄድኩት፤ ሳየው ሁሉም ጠፋኝ። ሐሙስን ሰርዝልኝ አልኩና ስቴትመንትሽን ዘረጋሁለት። ያኮርፋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ያዘው። «ሁለት ነጥብ ሰባት አምስት» አለ ቀስ ብሎ። የራሱን ቤት በሰባት ተኩል ነው የገዛው። ባንኩ ዕዳውን በአንድ ጊዜ አምጣ ይላል ያለኝም፣ ሥራውን ያስተማሩት ሰዎች እንደዚያ ስለነገሩት እውነት መስሎት ነው፤ ለስንት ሰው እንደነገረው ማሰብ ጀምሮ ፊቱ ዐመድ ሆነ። ሊያገኝ ስለነበረው ኮሚሽን አንድ ቃል አልተነፈሰም። መርዶውን ለባንኩ መንገር አለብኝ፣ ለብቻዬ ግን አልችልም አልኩት።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለኝ።

ሰኞ ማለዳ ባንኩ ስልክ ከማንሣቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ከኢገን ተነሥቶ ብሩክሊን ሴንተር ቤታችን ደረሰ። ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ማህሌት ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ስልኩን ጠረጴዛው መካከል አስቀምጠን ሦስታችንም እጃችንን አጣምረን፣ ባንኩ ሲያስጠብቅ የሚያሰማውን የጭፈራ ሙዚቃ አንገታችንን ደፍተን አዳመጥን። አንዲት ልጅ አነሣች። ድምፅዋ ከማህሌት አይበልጥም። መጀመሪያ ተቀምጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። ግራ ተጋብታ አዎ አለች። ከዚያ ነገርኳት። ስምሽን ከነአባትሽ ጠራሁና፣ አርፋለች አልኩ።

 ልጅቷ በጣም አዝናለሁ አለች። ከፊቷ ያለ ወረቀት ላይ እንደማይገኝ እርግጠኛ በሆንኩበት ድምፅ «ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሃያ ስምንት ልል ነበር። አልወጣልኝም። በቀብርሽ ዕለት ያልወጣኝ እንባ፣ አርባ ወንበር ሰው ያላስወጣው እንባ፣ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል በሚቀዳ ስልክ ላይ መጣ። ጋሻው ትከሻዬን ያዘኝ። ማህሌት በአማርኛ «አይዞህ አባዬ» አለችኝ። ልጅቷ እስክጨርስ አልዘጋችም። ባንክ ለቅሶ ደረሰኝ፣ ውቤ።

በመጨረሻ የሞት ማስረጃሽን የምልክበትን አድራሻ ሰጠችኝ፤ እኔ በወራሽነት እመዘገባለሁ፣ ብድሩ ግን እንዳለ ይቀጥላል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት። በየወሩ የሚላከው ወረቀት ላይ የባለቤትዎን ስም እናንሣው ወይስ ከእርስዎ ጋር ይቆይ አለችኝ። ማህሌትና ጋሻው አዩኝ።

ይቆይ አልኳት።

እንግዲህ በየወሩ ፖስታው ሲመጣ አንቺ እንደምታደርጊው ቆሜ እከፍተዋለሁ፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ራሴን አልነቀንቅም። የካላንደሩን ጀርባ መስታወት አስገብቼ ኩሽና ውስጥ ሰቅየዋለሁ። ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ወንበሮቹን ጋሻው ያመጣል፤ ሰው ሲጠይቀኝም ያ ወረቀት ምን እንደሆነ አስረዳለሁ። ብድሩ ሊያልቅ ሃያ አምስት ዓመት ይቀረዋል። እስከዚያ ድረስ ስምሽን በየወሩ ለመጥራት በፊርማሽ የታሰርኩ ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ያለ ወለድ አስታውስሻለሁ።

ያንቺው ፕሮፌሰር