«ይለፉ ጋሼ»

ማክሰኞ

ዛሬም ልጆቹ የበረዶ ሜዳው መግቢያ በር ላይ ተገባበዙ! ተቀየሩ ስል የደከመው ወጥቶ ያረፈው ቶሎ መግባት አለበት፤ በበረዶ ሆኪ ይህ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ የሚያልቅ ነገር ነው። እኔ የማሠለጥናቸው ሐበሾች ግን የቡድናችን አዛውንት ጋሼ ወንድሙ ሲመጡ በሩን ይዘው ይቆማሉ። ይለፉ ጋሼ። ኧረ እናንተ ቅደሙ። በረዶው ላይ ሰው የለም! ጎረቤቶቻችን የላንሲ ከተማ ጡረተኞች ዘና ብለው መጥተው ጎል አገቡብን። ያየን ሰው ለቅሶ ቤት የደረስን ይመስለዋል።

ደክሞኛል። ኤርፖርት ሻንጣ ስሸከም ውዬ ማታ ደግሞ እነሱ። ጉልበት እጠፉ፣ ዱላችሁን ከበረዶው አታንሱ፣ የምትመታዋን ፓክ ሳይሆን የሰውየውን ደረት እዩ። ማን ሰምቶኝ። ፓክ ማለት እንኳ እምቢ ብለው እንደ ገና ጨዋታ ሩር ይሏታል። ይበሏት።

ረቡዕ

ከተጫዋቾቼ አንዱ፣ ሰለሞን፣ ቤቴ መጣ። ቅዳሜ ዙሪክ ካሉት ሐበሾች ጋር ግጥሚያ አለብን፤ ልጆቹ ጋሼን አስቀርልን ብለው ልከውታል። ሩሯን ከያዙ ማንም ደፍሮ አይቀማቸውም፣ ሲደክማቸውም ውጡ የሚላቸው የለም። እውነቱን ነው።

እሱ ሲወጣ የጋሼ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ደወሉ። ወሬው ደርሷቸዋል። ደርግ ልጃቸውን ዳዊትን አዲስ አበባ ላይ ካሰረው ወዲህ ጋሼ ስሙን አንስተው አያውቁም፤ ለበረዶው ካልሆነም ከቤት አይወጡም።

«እባክህ ልጄ፣ ይቺን እንኳ እንዳትነፍገው» አሉኝ።

እንግዲህ ምን ይዋጠኝ?

ሐሙስ

ልምምድ ላይ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሰለሞንን የጋሼን ዱላ ከሥር በዱላህ ብድግ አድርገህ ሩሯን ንጠቅ አልኩት። ተንሸራቶ ደረሰ፣ «ይቅርታ ጋሼ» አለና ቆመ። የጋሼ ፊት ጠቆረ። ዱላቸውን ጣሉ።

«ታዝኑልኛላችሁ እንዴ? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እየተባለ ያደጋችሁ አይደላችሁም?»

ጫማቸውን ቀይረው ሄዱ። ያቺን ዘዴ ባላመጣኋት ኖሮ!

ዓርብ

ጋሼ ቤት ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሥራ ላይ የሰው ሻንጣ እግሬ ላይ ጣልኩ። ካሁን በኋላ ቤት ተዘግቶባቸው ቢቀሩ በእኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ከዙሪክ ስንመለስ፣ ባቡር ውስጥ

ጠዋት ባቡር ጣቢያው ስንደርስ ጋሼ ከሁላችንም ቀድመው፣ ዱላቸውን ታቅፈው ቆመዋል። እፎይ አልኩ።

ግጥሚያው ሳይጀመር ስናሟሙቅ ሰለሞን ላብ እያጠመቀው ቀረባቸው። ዱላቸውን ብድግ፣ ሩሯን ንጥቅ። ጋሼ በቂጣቸው በረዶው ላይ ተዘረጉ። ሁላችንም ክው አልን።

«እንዲህ ነው» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። ሰለሞን አነሳቸው።

ከዚያ በኋላ ሲደክማቸው ራሳቸው ወደ በሯ እየመጡ፣ አንተ ምን ትገተራለህ፣ ግባ እንጂ እያሉ ልጆቹን ይገፉ ጀመር። የዙሪኮቹ በር ላይ ግን ይለፉ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ እንደቀጠለ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ተሸነፍን፣ ያውም ክፉኛ።

አሁን ሌሎቹ ተኝተዋል። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ዳሌያቸውን ያሻሉ። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ዳዊትም የገና ጨዋታ ስንጫወት አባቴ ብሎ አይምረኝም። እንዲሁ ነው የሚጥለኝ።»

እስከ ሎዛን ድረስ ስለ እሱ አወሩ። ከአዲስ አበባ ዛሬም ምንም ወሬ የለም። ማክሰኞ እንዳላረፍድ አስጠንቅቀውኛል።